የሚጨመረው መስመር ለማን ነው?

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ከሥራ ወጥተን፣ አራት ሆነን በአንድ መኪና ከምዕራብ ሎስ አንጀለስ ወደ ቫን ናይስ ስንመለስ፣ በ405 ፍሪዌይ የሴፑልቬዳ መተላለፊያ ላይ የቀኝ መስመሮቹ በብርቱካናማ ኮኖች ተዘግተው ደረስን። በዚያ ሰዓት ጭር ማለት በነበረበት አቀበት ላይ መኪኖች ተጠጋግተው በእግረኛ ፍጥነት ይሳባሉ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት የሥራ ባልደረባችን፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው በትልልቅ መብራቶች የደመቀውን የሥራ ቦታ ይመለከቱ ጀመር። ሠራተኞቹ አንድ የኮንክሪት ጠፍጣፋ ነቅለው አንሥተዋል፤ ከሥሩ ያለው መደብ ተፈረካክሶና ረጥቦ ይታያል። ጋሼ ወደ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት በአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሥር በፎርማንነት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ የመንገድን ሆድ ዕቃ ማየት ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ከጉድጓዱ አጠገብ ስናልፍ እጃቸውን ወደዚያ ዘርግተው፣ «ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው መስመር ሲጨምሩ፣ ይህ ከሥር ነበር ማለት ነው» አሉ።

ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልነበረም። እኔ ግን ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከአእምሮዬ ላወጣት አልቻልኩም። መንገዱን በየቀኑ የምንጠቀምበት እኛ ነን፤ የካርፑል መስመሩ የተሠራውም እንደ እኛ ተሰባስበው ለሚጓዙ ሰዎች ነው ተብሎ ነው። ታዲያ መስመሩ ከተጨመረ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎት እንኳ ለምን እንቆማለን? ደግሞስ የተጨመረው ሲመረቅ፣ ከጎኑ የነበረው ንጣፍ ለምን ተራውን ሲጠብቅ ቆየ?

የአንድ ቢሊዮን ዶላሩ መስመር

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሎስ አንጀለስን የማያውቅ አንባቢ ይህን ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል፤ የሳን ፈርናንዶ ሸለቆንና የከተማዋን ምዕራባዊ ክፍል የሳንታ ሞኒካ ተራሮች ይለያዩአቸዋል፤ በ1962 የተከፈተው የሴፑልቬዳ መተላለፊያ ፍሪዌይ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ዋናው በር ነው። በሸለቆው ቤት ኪራይ ይቀላል፤ በምዕራቡ በኩል ሥራ ይበዛል። ስለዚህ ጠዋት ሁሉም ወደ ደቡብ፣ ማታ ሁሉም ወደ ሰሜን ይፈስሳል።

ከ2009 ጀምሮ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የትራንስፖርት ባለሥልጣን የሆነው ሜትሮና የካሊፎርኒያ ክልል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሆነው ካልትራንስ በጋራ ወደ ሰሜን በሚወስደው በኩል፣ ከ10 ፍሪዌይ እስከ 101 ፍሪዌይ፣ 10 ማይል የሚሆን የካርፑል መስመር መጨመር ጀመሩ። ሥራው ቀለም መቀባት ብቻ አልነበረም። የተራራው ጎን ተቆርጧል፣ ግድግዳዎች ተገንብተዋል፣ የሰንሴት፣ የስከርቦልና የመልሆላንድ ድልድዮች ፈርሰው እንደገና ተሠርተዋል። መስመሩ በግንቦት 2014 ሲከፈት ወጪው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ የትራፊክ መረጃ የሚሰበስበው ኢንሪክስ ያወጣው ንጽጽር፣ በምሽቱ ግፊት ሰዓት ያንን መንገድ ማቋረጥ ከቀድሞው በአንድ ደቂቃ ገደማ እንደረዘመ አሳየ። ሜትሮ በበኩሉ መንገዱ የሚያሳልፈው መኪና እንደጨመረና የመጨናነቁ ሰዓት እንዳጠረ ተናግሯል። ሁለቱም አባባል እውነት ሊሆን ይችላል። መንገዱ ብዙ መኪና አሳልፏል፤ በውስጡ ያለው ሰው ግን በግፊቱ ሰዓት አልፈጠነም።

የዚህን ምክንያት ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን፣ ጊልስ ዱራንተንና ማቲው ተርነር፣ በ2011 ባወጡት ጥናት በግልጽ አስቀምጠውታል። በአሜሪካ ከተሞች የፍሪዌይ መስመሮች ጠቅላላ ርዝመት በምን ያህል መቶኛ ቢጨምር፣ መኪኖች የሚጓዙት ርቀትም ከሞላ ጎደል በዚያው መቶኛ ይጨምራል። በመጨናነቁ ምክንያት ጉዞውን የተወ፣ ሰዓቱን የለወጠ ወይም ሌላ መንገድ የመረጠ ሰው፣ መንገዱ ሲሰፋ ይመለሳል። ይህን ለማመን ለሚቸገር ሰው የዚያው ፕሮጀክት ታሪክ ተቃራኒውን ገጽ ያሳየዋል። በሐምሌ 2011 የመልሆላንድን ድልድይ ግማሽ ለማፍረስ ፍሪዌዩ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ሲዘጋ፣ ከተማው «ካርማጌዶን» ብሎ ስም አውጥቶ የምጽአት ቀን የደረሰ ያህል ተሸብሮ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሰው ቤቱ ዋለ፣ ጎዳናዎቹ ጭር አሉ፣ ሥራውም ከታቀደለት ሰዓት ቀድሞ ተጠናቀቀ። በመስከረም 2012 የድልድዩ ሌላው ግማሽ ሲፈርስም ከተማው በሰላም አለፈው። ለእኔ ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው፤ በመንገድ ላይ የምናየው የመኪና ብዛት እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር ሳይሆን፣ ሰዎች ባለው ሁኔታ ላይ ተመሥርተው የሚወስኑት ውሳኔ ድምር ነው።

ከንጣፉ ሥር

ወደዚያ ምሽት ልመለስ፤ ነገሩ በእኔ ዘንድ የተለወጠው በዚያች መኪና ውስጥ ነውና። ጉድጓዱን ካለፍን በኋላ ገና ረጅም ሰልፍ ይጠብቀን ስለነበር፣ ጋሼን፣ «ኮንክሪት ይህን ያህል ወፍራም ሆኖ ሳለ እንዴት ይሰበራል? የመኪናው ብዛት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መኪናሽ ምንም አያደርገውም፤» አሉኝ። «ከባድ መኪናና ውሃ ናቸው የሚያፈርሱት። በጠፍጣፋዎቹ መጋጠሚያ ውሃ ይገባል። ከባድ መኪና ሲያልፍበት ጠፍጣፋው ዝቅ ይልና ውሃውን እንደ ወናፍ ይገፋዋል። ውሃው ሲወጣ ባዶውን አይወጣም፤ ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሥር ባዶ ይሆናል። ከሥሩ ባዶ የሆነ ነገር ደግሞ ምን ይዞት ይቆማል?»

ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ የምሰማው ድምፅ ተለየብኝ። ጎማው በየመጋጠሚያው ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው፣ ዘወትር ሳልሰማው የማልፈው ምት፣ አንዱ ጠፍጣፋ ከሌላው ዝቅ ማለቱን የሚናገር ሆነ። ቤቴ ገብቼ ሳነብ የጋሼ ቃል ከታላቁ የመንገድ ሙከራ ጋር እንደሚስማማ አገኘሁ። ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ፣ ኦታዋ ከተማ አጠገብ፣ በልክ በተሠሩ ንጣፎች ላይ የጭነት መኪኖችን እየደጋገሙ በማመላለስ የተደረገው ሙከራ እንዳሳየው፣ በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲጨምር በንጣፉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግምት በአራተኛ ኃይሉ ይጨምራል። ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው። አንድ ሙሉ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ከአንድ የቤት መኪና ጋር ሲነጻጸር በሺዎች እጥፍ የሚቆጠር ጉዳት ያደርሳል።

በካሊፎርኒያ ከባድ መኪኖች የሚሄዱት በቀኝ መስመሮች ነው፤ የካርፑል መስመር ደግሞ በግራ ጫፍ ነው። ስለዚህ አዲስ የተጨመረውና ሪባን የተቆረጠለት መስመር ከሁሉ ያነሰ የሚጎዳው ሲሆን፣ የከተማውን ምግብ፣ መድኃኒትና የግንባታ ዕቃ የሚሸከሙት መስመሮች ማንም ሳያስተውላቸው ከሥር ይቦረቦራሉ። «ጋሼ፣ ያኔ አብረው ቢያድሱት አይቀልም ነበር?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የሚታየውን ሥራ ሁሉም ያመሰግነዋል፤» አሉኝ። «እኛም ዘንድ እንዲሁ ነበር። መንገድ ሲመረቅ እንግዳ ይሞላል፤ ቦይ ሲጠረግ ግን የሚመጣ ባለሥልጣን የለም። ውሃ መውረጃው ካልተጠረገ ደግሞ፣ ገረጋንቲውን ስንት ጊዜ ብትደለድዪው ከንቱ ነው።»

ለፍትሕ ያህል፣ የሁለቱ ሥራዎች ገንዘብ ከአንድ ኪስ አይወጣም። ለመስፋፋት ፕሮጀክቶች የካውንቲው ሕዝብ በ2008 ሜዠር አር የተባለውን የሽያጭ ታክስ በድምፁ አጽድቋል። የንጣፍ ጥበቃ ግን ክልሉ ለነባር መንገዶች ከሚመድበው በጀት የሚጠበቅ ሲሆን፣ ያም በጀት ለብዙ ዓመታት ከሚያስፈልገው በታች ነበር። በ2017 የወጣው ኤስ ቢ 1 የተባለው ሕግ በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ 12 ሳንቲም ጨምሮ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስገኘ፤ በ2018 ሕጉን ለመሻር የቀረበውን ሐሳብ ደግሞ መራጩ ሕዝብ ውድቅ አደረገው። እኔ ይህን የሕዝብ ውሳኔ በጣም አከብረዋለሁ። ማንም ሰው ቤንዚን ሲቀዳ ተጨማሪ መክፈል አይወድም፤ ሆኖም ብዙው ሰው የማይታየውን ለማደስ ለመክፈል ተስማማ። ካልትራንስ በ2025 በዚሁ መተላለፊያ የጀመረው የንጣፍ እድሳትም የዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

የሚሠራበት መንገድም ሊነገር ይገባዋል። ይህን ያህል መኪና የሚያስተናግድ መንገድ ቀን ሊዘጋ ስለማይችል፣ ሠራተኞቹ ማታ መስመሮቹን ዘግተው የተሰበረውን ጠፍጣፋ ቆርጠው ያወጣሉ፤ በምትኩም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጠነክር ልዩ ኮንክሪት ያፈስሳሉ። ጠዋት ማንም አያስተውለውም። መኪኖች ከሰውነቱ ጥቂት ርቀት ላይ እየበረሩ በሌሊት የሚሠራው ሰው፣ በእኔ ግምት የዚህ ከተማ ምስጋና ይገባዋል። እኛ ግን ለዓመታት ስናወራና ስንከራከር የኖርነው ስለሚጨመረው ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስለኛል።

ከ1976 ጀምሮ የቆየ ፍርሃት

ለመሆኑ የካርፑል መስመር ለማግኘት ሁልጊዜ ተራራ መቁረጥ ያስፈልጋል? ካሉት መስመሮች አንዱን ለተሰባሰቡ ሰዎች መስጠት አይቻልም? ይህ ጥያቄ በዚህች ከተማ መልስ አግኝቷል፤ የተገኘበት መንገድ ግን አሳዛኝ ነው። በመጋቢት 15 ቀን 1976 ካልትራንስ በሳንታ ሞኒካ ፍሪዌይ ላይ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ከነበሩት መስመሮች አንዱን ወስዶ፣ በግፊቱ ሰዓት ለአውቶብስና ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ለጫነ መኪና ብቻ አደረገው። የዳይመንድ ሌን ሙከራ ይባላል። የመጀመሪያው ቀን ትርምስ ነበር። አደጋ ጨመረ፣ ብቻቸውን የሚነዱ ሰዎች ከባዶው መስመር አጠገብ ቆመው ሲያዩ በቁጣ ነደዱ፣ ጋዜጦች ዘመቱ፤ የካልትራንስ ዳይሬክተር የነበሩት አድሪያና ጂያንቱርኮም የቁጣው ሁሉ ማረፊያ ሆኑ። ሙከራው ከ21 ሳምንት በኋላ፣ በነሐሴ ወር፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሳይደረግ ተጀምሯል በሚል በፌዴራል ዳኛ ትእዛዝ ቆመ።

ከዚህ ታሪክ የሚረሳው ግን በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ የአውቶብሱ ተሳፋሪና የካርፑሉ ቁጥር መጨመሩ ነው። ሰው መለወጥ ጀምሮ ነበር። ካሊፎርኒያ ግን ከዚያ በኋላ የተማረችው ትምህርት «ከሾፌሩ አትውሰድ፤ ጨምርለት» የሚል ሆነ፤ የካርፑል መስመሮቿንም በነባሮቹ ላይ በመጨመር ስትሠራ ኖረች። አንድ የበጋ ቁጣ የአንድን ክልል የመንገድ ሥራ ለአምሳ ዓመት ሲመራ ማየት ያስገርመኛል። የሴፑልቬዳው ቢሊዮን ዶላር ሥሩ እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ማንንም ላለማስቆጣት ሲባል ተራራ ተቆረጠ።

ሁለት ወይስ ሦስት?

በ405 ላይ ለካርፑል የሚጠየቀው ሁለት ሰው ነው። እናት ሕፃን ልጇን ከኋላ ወንበር ካሰረች ሁለት ናቸው። በዚህ ላይ፣ እስከ መስከረም 30 ቀን 2025 ድረስ ልዩ ምልክት የተለጠፈባቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ሰው ብቻ ይዘው እንዲገቡ ይፈቀድላቸው ነበር። የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያሉ የተለዩ መኪኖች በሚገቡበት የካርፑል መስመር ላይ፣ በግፊት ሰዓት ከጊዜው 90 በመቶ በሰዓት ቢያንስ 45 ማይል መሄድ እንዲቻል ይጠይቃል፤ በዚህ ሚዛን ብዙዎቹ የካሊፎርኒያ የካርፑል መስመሮች ወድቀዋል። እኛም ምሽት ላይ አራት ሆነን በካርፑሉ መስመር ስንቆም፣ ከቀኛችን ያለው ተራ መስመር ሲቀድመን ያየንበት ጊዜ አለ። ሰው ተሰባስቦ በመሄዱ አንዳች ነገር ካላተረፈ፣ ነገ ለምን ይሰባሰባል?

ቁጥሩን መለወጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የኤል ሞንቴ መስመር አሳይቶናል። በ10 ፍሪዌይ ላይ ያለው ይህ መስመር በ1973 ለአውቶብስ ብቻ ተከፈተ፤ በ1976 ሦስት ሰው ለጫኑ መኪኖችም ተፈቀደ፤ ለብዙ ዓመታትም በሰላም ሠራ። በጥር 2000 አንድ የክልሉ ሕግ ቁጥሩን ወደ ሁለት ሲያወርደው መስመሩ ተጨናነቀ፣ በአውቶብስ የሚሄደው ሕዝብ ጉዞው ረዘመበት። ወራት ሳይቆይ፣ በሐምሌ ወር፣ በግፊት ሰዓት ወደ ሦስት ተመለሰ። አንድም አዲስ ኮንክሪት አልፈሰሰም፤ የተለወጠው ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ንጣፍ ሲታደስ መስመሮቹ እንደገና መቀባታቸው አይቀርም። መንገዱ ለማን እንደሆነ እንደገና መወሰን የሚገባው ያኔ ነው እላለሁ። ጠንካራ መሠረት ይሰጠው፤ ያለው የካርፑል መስመር በግፊት ሰዓት የሦስት ሰው ይሁን፤ አውቶብስ በብዛት ይመላለስበት፤ ለማስፋት የሚታሰበው ገንዘብም ከሥር ለተቦረቦረው ይዋል። እኛ ሐበሾች ደግሞ በዚህ የምንቸገር ሕዝብ አይደለንም፤ በሚኒባስ ከማናውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን ያደግን ነን፤ ዛሬም እሑድ ጠዋት ከሸለቆው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላም ወደ ፌርፋክስ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስንወርድ መኪናችን ባዶ ወንበር የለውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ቤንዚኑንና መኪና ማቆሚያውን ለአራት ስንከፍል አይተነዋል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ቀን ሆስፒታል ውላ፣ ከዚያ ሁለት አረጋውያንን በየቤታቸው ስትረዳ የምታመሽ አለች። እሷን «ሦስት ሆነሽ ካልመጣሽ በግራው መስመር አትግቢ» ማለት ቀላል ነው፤ ከማን ጋር ትሰባሰብ? ሜትሮ በዚሁ መተላለፊያ የካርፑሉን መስመር ብቻውን የሚነዳ ሰው እየከፈለ ወደሚገባበት መስመር ለመቀየር እያጠና ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ጊዜ ይገዛል፤ ሁለት ሥራ የምትሠራዋ ሴት ግን ከዋጋውም ከሰልፉም ትጎዳለች። በተራራው ሥር የሚታቀደው ባቡር ለእሷ የተሻለ መልስ ነው፤ እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል።

የፈረቃ ጉዳይ

ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ የተገለጠልኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ እኛን አራታችንን በአንድ መኪና ያገናኘን ከመንገዱ ይልቅ የፈረቃችን መገጣጠም መሆኑ ነው። አንዳችን ወደ ሌላ ሰዓት ስንመደብ ካርፑሉ ይፈርሳል፤ መስመሩ ምንም ያህል ቢፈጥን አይመልሰውም። የዚህ አካባቢ የአየር ጥራት ባለሥልጣን ይህን ቀድሞ ተረድቶት ነበር፤ ሬጉሌሽን 15 ተብሎ በ1988 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ ትልልቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸው ተሰባስበው እንዲመጡ ዕቅድ እንዲያወጡ ያስገድድ ነበር። ዛሬ በቦታው ያለው ደንብ 2202፣ 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን አሠሪዎች የሚመለከት ሲሆን፣ የካርፑል ዕቅድ በማውጣት ፈንታ ለአየር ጥራት ፈንድ ገንዘብ ከፍለው ግዴታቸውን እንዲወጡም ይፈቅዳል። እኔ ቢጠይቁኝ ያንን አማራጭ አጠብበው ነበር። አሠሪው ከአንድ ሰፈር የሚመጡትን ሠራተኞች በአንድ ፈረቃ ቢመድብ፣ ከተማው ሊሠራ የማይችለውን መስመር ያለ ምንም ወጪ ይሠራል።

ባለፈው ሳምንት ከጋሼ ጋር ሆነን ይህንኑ ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፈን ለፈረቃ አዘጋጇ ሰጠናት። ከሸለቆው የሚመጡትን ሠራተኞች ስምና የመኖሪያ አካባቢ በዝርዝር እንድናመጣላት፣ የሚቀጥለውን ፈረቃ ስታወጣ እንደምትሞክረው ነገረችን። ጋሼ ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ በስሞቹ አናት ላይ ያስቀመጡት፣ አረጋውያኑን ስትረዳ የምታመሸውን ሴት ነው፤ እሷን ለመውሰድ ማን ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሊያልፍ እንደሚችልም ከስሟ ጎን ጽፈዋል።